አኪዮ ሞሪታ

አኪዮ ሞሪታ (ጥር 18 ቀን 1913 – መስከረም 22 ቀን 1992 ዓ.ም.) ከማሳሩ ኢቡካ ጋር ሆኖ ሶኒ የተባለውን የኤሌክትሮኒክስ ኩባንያ የመሠረተ ጃፓናዊ ነጋዴ ነበር። ዩኒቨርሲቲ የተማረው ፊዚክስ ቢሆንም በዓለም የታወቀው በሻጭነቱ ነው። የኪስ ራዲዮ፣ ትሪኒትሮን ቴሌቪዥንና ዎክማን ከቶኪዮ ወጥተው በኒው ዮርክና በለንደን ሰዎች እጅ እንዲገቡ ከእርሱ በላይ የደከመ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ሞሪታ ሥራ በጀመረበት ዘመን በጃፓን የተሠራ የሚለው ጽሑፍ በምዕራቡ ዓለም የርካሽና ቶሎ የሚሰበር ዕቃ ምልክት ነበር። እርሱ ሲሞት ያው ጽሑፍ የጥራት ማረጋገጫ ሆኖ ነበር።

በዚህ ገጽ ከልደቱና ከሞቱ ቀን በቀር ዓመታቱ በሙሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የጠማቂ ቤተሰብ ወራሽ

ሞሪታ የተወለደው በናጎያ ከተማ ነው። ቤተሰቡ በዚያው አቅራቢያ በምትገኘው በኮሱጋያ መንደር ከ300 ዓመት በላይ ሳኬ የተባለውን የሩዝ መጠጥ ሲጠምቅ፣ ከአኩሪ አተርም ሚሶና ሶስ ሲያዘጋጅ የኖረ ባለጸጋ ቤት ነበር። አባቱ የቤቱ 14ኛ ባለቤት ሲሆን አኪዮ የበኩር ልጅ በመሆኑ 15ኛው እንደሚሆን ገና ሲወለድ ያለቀለት ጉዳይ ነበር። ልጁ ትንሽ ከፍ እንዳለ አባቱ ወደ መሥሪያ ቤት እየወሰደ ከጎኑ ያስቀምጠው፣ የሠራተኞችን ስብሰባና የጠመቃውን ሥራ ያሳየው ነበር።

ከዚህ መንገድ ያወጣው ሙዚቃ ነው። እናቱ የምዕራባውያንን ክላሲካል ሙዚቃ ትወድ ስለነበር በቤቱ በእጅ የሚጠመዘዝ የሸክላ ማጫወቻ ነበረ። በኋላ አባቱ ከአሜሪካ የመጣ የኤሌክትሪክ ማጫወቻ ገዛ። ያው ሸክላ በሁለቱ መሣሪያዎች ሲሰማ የድምፁ ልዩነት ልጁን አስደነቀው። ከዚያ በኋላ የኤሌክትሮኒክስ መጽሔቶችን እያነበበ የራሱን ማጫወቻና ራዲዮ መሥራት ጀመረ። ለሌላው ትምህርት ጊዜ ስላልተረፈው ከትምህርት ቤት ሊወድቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር። እንደምንም ተጣጥሮ ኦሳካ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ ገባና በ1944 በፊዚክስ ተመረቀ።

ወቅቱ ጦርነት ስለነበር በባሕር ኃይል መኮንን ሆኖ ተመደበ። ሙቀትን ተከትሎ ዒላማውን የሚመታ መሣሪያ በሚያጠና ኮሚቴ ውስጥ ከእርሱ በ13 ዓመት ከሚበልጠው መሐንዲስ ከማሳሩ ኢቡካ ጋር ተዋወቀ። መሣሪያው ሳይሳካ ጦርነቱ አለቀ፤ ወዳጅነታቸው ግን ኢቡካ በ1997 እስኪሞት ድረስ ቆየ።

አባትን ማስፈቀድ

በጥቅምት 1945 ኢቡካ በቦምብ በተጎዳችው ቶኪዮ፣ ሺሮኪያ በተባለ ትልቅ መደብር ሕንጻ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቶ ራዲዮ መጠገን ጀመረ። ሞሪታ ይህን ያወቀው ከአንድ ጋዜጣ ዓምድ ነው። ወዲያው ጽፎ ተገናኙ፤ ሁለቱም አንድ ኩባንያ ለማቋቋም ተስማሙ።

አንድ እንቅፋት ግን ነበር። በጃፓን የቆየ ልማድ የበኩር ልጅ የቤቱን ሥራ ጥሎ ወደ ሌላ ሥራ መሄዱ ቀላል ነገር አልነበረም። ስለዚህ በ1946 የጸደይ ወቅት ኢቡካና አማቱ፣ የቀድሞው የትምህርት ሚኒስትር ታሞን ማዬዳ፣ ከሞሪታ ጋር በባቡር ወደ ኮሱጋያ ወርደው አባትየውን ለመኑ። ነገሩ የእኛን አገር ሽምግልና ይመስላል፤ ሽማግሌዎቹ የጠየቁት ሴት ልጅ ሳይሆን ወራሽ ልጅ መሆኑ ነው ልዩነቱ። አባትየው ብዙም ሳይከራከር ፈቀደ፤ የጠመቃው ሥራ ለታናሽ ወንድሙ ተላለፈ። ከዚያም አልፎ አባትየው ለአዲሱ ኩባንያ በተደጋጋሚ ገንዘብ አበደረ፤ ብድሩን በአክሲዮን ስለተቀበለ በኋላ ከትልልቆቹ ባለድርሻዎች አንዱ ሆነ። በጃፓን ዘመናዊ ኤሌክትሮኒክስ ጅማሬ ላይ የአኩሪ አተር ሶስ ገንዘብ አለበት ማለት ነው።

ቶኪዮ ቱሺን ኮግዮ የተባለው ኩባንያ ግንቦት 7 ቀን 1946 በ190,000 የን ካፒታልና በ20 ገደማ ሠራተኞች ተመሠረተ። ኢቡካ ለመሥራት ከሞከራቸው የመጀመሪያ ዕቃዎች አንዱ የኤሌክትሪክ ሩዝ ማብሰያ ነበር። ከእንጨት የተሠራ ባልዲ ሲሆን ሩዙን አንዴ ያሳርረዋል፣ አንዴ ጥሬውን ይተወዋል። አልተሸጠም።

ቴፕ እና የሸክላ ማሰሮው

ኢቡካ አሜሪካኖች ያመጡትን ቴፕ መቅረጫ ካየ በኋላ ልቡ በእርሱ ተያዘ። በጊዜው በጃፓን ለቴፕ የሚሆን ፕላስቲክ ስላልነበረ የኩባንያው ሰዎች ወረቀት በቀጭኑ እየቆረጡ ቴፕ አደረጉት። ድምፅ የሚይዘውን የብረት ዱቄት በመጥበሻ ላይ እያመሱ ካዘጋጁ በኋላ በወረቀቱ ላይ በብሩሽ ይቀቡት ነበር። በ1950 ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው መሣሪያ 35 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ዋጋው ወደ 160,000 የን ነበር። ያየው ሁሉ አደነቀው፤ የገዛው ግን አልነበረም።

ሞሪታ ሻጭ የሆነው እዚህ ላይ ነው። አንድ ቀን በቶኪዮ በአንድ የጥንታዊ ዕቃዎች ሱቅ በኩል ሲያልፍ አንድ ሰው ለአሮጌ ማሰሮ ከቴፑ ዋጋ የሚበልጥ ገንዘብ ሲከፍል አየ። እርሱ ለማሰሮው አምስት ሳንቲም አይሰጥም ነበር፤ ገዢው ግን ዋጋውን ስለሚያውቅ ደስ ብሎት ከፈለ። ሞሪታ ከዚህ የተረዳው ዕቃው ግሩም መሆኑ ብቻ እንደማይበቃ፣ ምን እንደሚጠቅመው የሚያውቅ ገዢ መፈለግ ወይም መፍጠር እንደሚያስፈልግ ነበር። ብዙም ሳይቆይ በፍርድ ቤቶች ቃል ጸሐፊ እንደጠፋ ሰማ። የጃፓን ጠቅላይ ፍርድ ቤት 20 ቴፖች በአንድ ጊዜ ገዛ። ቀጥሎ ትምህርት ቤቶች ለቋንቋ ማስተማሪያ ፈለጉት።

ትራንዚስተር

ትራንዚስተር የተፈጠረው በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪዎች ሲሆን የመሥራት ፈቃዱን የምትሸጠው ዌስተርን ኤሌክትሪክ ነበረች። ኢቡካ በ1952 አሜሪካ ሳለ ፈቃዱ በ25,000 ዶላር እንደሚገኝ ሰማ። ሞሪታ በ1953 ኒው ዮርክ ሄዶ ውሉን ፈረመ። የፈቃዱ ባለቤቶች ትራንዚስተሩ ጆሮ ለከበዳቸው ሰዎች የመስሚያ መሣሪያ ከመሆን በቀር ለተራው ሰው ዕቃ አይሆንም ብለው መክረውት ነበር። የጃፓን የንግድ ሚኒስቴርም ለዚህ ትንሽ ድርጅት የውጭ ምንዛሪ ለመፍቀድ ወራት ፈጀ።

ሞሪታ በዚያው ጉዞ አውሮፓን ጎበኘ። በጀርመን ዱሰልዶርፍ ከተማ አይስክሬም ሲያዝዝ አስተናጋጁ ትንሽ የወረቀት ጥላ ሰክቶበት አመጣና ዕቃው ከአገርህ የመጣ ነው አለው። ሰውዬው በቅንነት ነበር የተናገረው። ለሞሪታ ግን አውሮፓ ስለ ጃፓን የምታውቀው ያንን የወረቀት ጥላ ብቻ መሆኑን የሚነግር መራራ ቃል ሆነ። ከዚያ ወደ ሆላንድ አልፎ የፊሊፕስ መሥሪያ ቤት የሚገኝባትን ኤይንድሆቨንን አየ። የግብርና አገር በሆነች በትንሿ ሆላንድ ውስጥ ያለች አነስተኛ ከተማ ዓለም የሚያውቀው ኩባንያ ካወጣች እኛስ ለምን አንችልም ብሎ ለኢቡካ ጻፈ።

የመጀመሪያውን የትራንዚስተር ራዲዮ ለገበያ ያቀረቡት ጃፓኖች አይደሉም። ሪጀንሲ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በጥቅምት 1954 ቀድሟቸዋል። የቶኪዮው ኩባንያ ቲአር-55 የተባለውን ራዲዮ ያወጣው በነሐሴ 1955 ነው። ሥራው አድካሚ ነበር፤ ለራዲዮ የሚሆን ፈጣን ትራንዚስተር ሲመረት አብዛኛው ተበላሽቶ ይጣል ነበር። ይህን ለማሻሻል ሲደረግ በነበረው ምርምር የኩባንያው የፊዚክስ ባለሙያ ሊዮ ኤሳኪ በ1957 ኤሌክትሮኖች ሊያልፉት የማይገባቸውን ግድግዳ ሰርስረው እንደሚያልፉ በሰሚኮንዳክተር ውስጥ አሳየ። በ1973 የኖቤል ሽልማት አገኘበት።

ስሙን አልሸጥም ያለበት ውል

ሞሪታ በ1955 ራዲዮዎቹን ይዞ ኒው ዮርክ ገባ። ቡሎቫ የተባለው ታዋቂ የሰዓት ኩባንያ 100,000 ራዲዮ እንደሚገዛ ነገረው። ትእዛዙ ከኩባንያው ካፒታል በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ነበር። ቅድመ ሁኔታው አንድ ነው፤ ራዲዮዎቹ የሚሸጡት በቡሎቫ ስም ይሆናል። ከቶኪዮ የመጣው ቴሌግራም ተቀበል የሚል ነበር። ሞሪታ እምቢ አለ። የቡሎቫው ገዢ የእነርሱ ስም በ50 ዓመት ሥራ እንደተገነባና የጃፓኑን ስም ማንም እንደማያውቀው ሲነግረው፣ ሞሪታ የእነርሱም 50 ዓመት ዛሬ መጀመሩን መለሰለት። በኋላ ዘመን በሕይወቱ ከወሰናቸው ውሳኔዎች ሁሉ ምርጡ ይህ እንደሆነ ደጋግሞ ተናግሯል። አጋጣሚው የሚያስገርም ሌላ ገጽ አለው። ለማሳያ የያዘው ቲአር-52 የተባለ ሞዴል ሙቀት ሲነካው የፕላስቲክ ፊቱ እየተጣመመ መላቀቅ ስለጀመረ ጨርሶ ለሽያጭ አልበቃም። ውሉ ተፈርሞ ቢሆን ኖሮ ምን ይከተል እንደነበር መገመት አይከብድም።

በዚያው ሰሞን 150 ያህል ሱቆች ያሉት ሌላ ነጋዴ ለ5,000፣ ለ10,000፣ ለ30,000፣ ለ50,000 እና ለ100,000 ራዲዮ ዋጋ እንዲያቀርብለት ጠየቀው። ሞሪታ ሆቴሉ ገብቶ ሲያሰላ አደረ። በማግስቱ ያቀረበው ዝርዝር ነጋዴውን ግራ አጋባው፤ ዋጋው እስከ 10,000 ድረስ ይወርድና ከዚያ በኋላ እንደገና ይወጣል። የ100,000 ትእዛዝ ዋጋ ከሁሉም ይበልጥ ነበር። ሞሪታ ምክንያቱን አስረዳ። ያን ያህል ለማምረት ፋብሪካውን ማስፋትና ሠራተኛ መቅጠር ያስፈልጋል። በሚቀጥለው ዓመት ትእዛዙ ካልተደገመ ኩባንያው ይከስራል፤ በጃፓን ደግሞ ሠራተኛ ቀጥሮ ሥራ ሲቀዘቅዝ ማሰናበት አይቻልም። ነጋዴው ገባውና 10,000 አዘዘ።

ሶኒ የሚለው ስምም የዚያ ዘመን ውጤት ነው። ቶኪዮ ቱሺን ኮግዮ የሚለውን አሜሪካዊ አንደበት ሊጠራው አልቻለም። ሁለቱ ወዳጆች ድምፅ የሚል ትርጉም ያለውን ሶኑስ የተባለ የላቲን ቃል፣ ልጄ እንደ ማለት ከሆነው ሰኒ ከሚለው የእንግሊዝኛ ቁልምጫ ጋር አጋቡት። ሰኒ ብቻውን በጃፓንኛ ሲነበብ ገንዘብ መክሰር የሚመስል ድምፅ ስላለው አንዱን ፊደል ጣሉለት። በጃንዋሪ 1958 የኩባንያው ስም በይፋ ሶኒ ሆነ። ባንካቸው ኤሌክትሮኒክስ የሚል ቃል ይጨመርበት ቢልም አልተቀበሉም፤ ነገ ምን እንደሚሸጡ ማን ያውቃል?

በ1957 የወጣው ቲአር-63 የተባለው ራዲዮ የኪስ ራዲዮ ተብሎ ተሸጠ። እውነቱን ለመናገር ከተለመደው የሸሚዝ ኪስ ትንሽ ይበልጥ ነበር። ሞሪታ ለሻጮቹ ኪሱ ሰፋ ያለ ሸሚዝ አሰፋላቸው። በጃንዋሪ 1958 ደግሞ ሌቦች ኒው ዮርክ ውስጥ የአከፋፋዩን መጋዘን ሰብረው 4,000 የሶኒ ራዲዮ ሲወስዱ የሌሎችን ድርጅቶች ራዲዮ ሳይነኩ ሄዱ። ጋዜጦች ጻፉት፤ ለሶኒ ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ አልነበረም።

ኒው ዮርክ

በእነዚህ ዓመታት ሶኒ በዕቃዎቹ ላይ በጃፓን የተሠራ የሚለውን ጽሑፍ ሕግ በሚፈቅደው መጠን እያሳነሰ ያትመው ነበር። አንድ ጊዜ ከሚገባው በላይ ስላነሰ የአሜሪካ ጉምሩክ ዕቃውን መልሶ ልኮታል። እንዲህ ሲያደርግ የኖረው ሞሪታ በጥቅምት 1962 በኒው ዮርክ ውድ ሱቆች በተደረደሩበት በፊፍዝ አቬኑ ማሳያ ክፍል ከፍቶ በደጁ የጃፓንን ባንዲራ ሰቀለ። ጦርነቱ ካበቃ ገና 17 ዓመቱ ነበር።

ከዚያ ቀደም ሲል በ1960 የሶኒ የአሜሪካ ቅርንጫፍ ተቋቁሞ ነበር። በ1961 ደግሞ ሶኒ አክሲዮኑን በአሜሪካ ገበያ የሸጠ የመጀመሪያው የጃፓን ኩባንያ ሆነ። ሞሪታ የአሜሪካኖችን ኑሮ ሳያውቁ ለእነርሱ መሸጥ አይቻልም ብሎ በ1963 ባለቤቱን ዮሺኮንና ሦስት ልጆቹን ይዞ ኒው ዮርክ ገባ። እንግሊዝኛ የማያውቁት ልጆች በአሜሪካ ትምህርት ቤትና የክረምት ካምፕ ተጣሉ። ዮሺኮ በየጊዜው እንግዳ ትጋብዝ ነበር፤ ሶኒ በአሜሪካ ያገኛቸው ብዙ ወዳጆች በእርሷ ማዕድ የተገኙ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1964 አባቱ ሲሞት ቤተሰቡን ይዞ ወደ ጃፓን ተመለሰ።

በቀጣዮቹ ዓመታት ሶኒ ከመላክ አልፎ በምዕራቡ አገር ማምረት ጀመረ። በ1968 የወጣው ትሪኒትሮን የተባለ የቀለም ቴሌቪዥን ከ1972 ጀምሮ በካሊፎርኒያ ሳንዲዬጎ ተገጣጠመ፤ በ1974 በዌልስ ብሪጅኤንድ ሌላ ፋብሪካ ተከፈተ። ሞሪታ በ1971 ፕሬዚዳንት፣ በ1976 የቦርድ ሊቀመንበር ሆነ።

ዎክማን

ዎክማን ከአዲስ ግኝት የመጣ ዕቃ አይደለም። ሶኒ ለጋዜጠኞች የሚሸጠው ፕረስማን የተባለ ትንሽ መቅረጫ ነበረው። ኢቡካ በአውሮፕላን ረጅም ጉዞ ላይ ሙዚቃ መስማት ስለፈለገ መሐንዲሶቹ የመቅረጫውን ክፍል አውጥተው በምትኩ ስቴሪዮ ድምፅ አስገቡበት፤ ቀላል የጆሮ ማዳመጫም ጨመሩለት። ሞሪታ ለሙከራ ወደ ቤቱ ወስዶት ወደደው። የሽያጭ ክፍሉ ግን መቅረጽ የማይችል ቴፕ ማን ይገዛል ብሎ ተከራከረ። ሞሪታ 30,000 ካልተሸጠ ከሊቀመንበርነቱ እንደሚለቅ ተናገረ።

የሞሪታ ግምት ሁሉ ትክክል አልነበረም። ብቻውን ሲያዳምጥ ባለቤቱ ስለተከፋች ለብቻ ሙዚቃ መስማት ነውር ይመስላል ብሎ አሰበ። ስለዚህ የመጀመሪያው ዎክማን ሁለት የማዳመጫ መሰኪያና ሁለቱ ሰዎች ማዳመጫውን ሳያወልቁ የሚነጋገሩበት ቁልፍ ነበረው። ገዢዎች ግን ዕቃውን የፈለጉት ለብቻ ለመሆን ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቁልፉ፣ ቀጥሎም ሁለተኛው መሰኪያ ቀረ። ስሙንም አልወደደውም፤ እንግሊዝኛው የተሰባበረ መስሎት በአሜሪካ ሳውንድአባውት፣ በብሪታንያ ስቶዋዌይ፣ በስዊድን ፍሪስታይል ተብሎ እንዲሸጥ ፈቀደ። ሆኖም ከጃፓን የሚመለሱ ተጓዦች ዎክማን እያሉ ስለጠየቁ ስሙ በሁሉም አገር አንድ ሆነ።

ዕቃው ሐምሌ 1 ቀን 1979 በ33,000 የን ለገበያ ቀረበ። በመጀመሪያው ወር የተሸጠው ጥቂት ነበር። ሻጮች በየመንገዱ ወጣቶችን እያስቆሙ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ ካደረጉላቸው በኋላ ግን 30,000ው በነሐሴ መጨረሻ አለቀ። በ1989 የተመረተው ዎክማን 50 ሚሊዮን ደረሰ። በኢትዮጵያ ከተሞችም በካሴት ዘመን ዎክማን የሚለው ቃል ማንም ይሥራው ማን የኪስ ማጫወቻ ሁሉ መጠሪያ ነበር።

የዎክማን ታሪክ ሲነገር አንድሬያስ ፓቬል የሚዘለልበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህ ጀርመናዊ በ1977 በጣሊያን ተመሳሳይ ዕቃ በፈጠራ መብት አስመዝግቦ ነበር። ከሶኒ ጋር ከ20 ዓመት በላይ ከተሟገተ በኋላ ሞሪታ ከሞተ ከዓመታት በኋላ ከፍርድ ቤት ውጭ በስምምነት ጨረሱ።

ቤታማክስ እና ሆሊውድ

ሶኒ በ1975 ቤታማክስ የተባለውን የቤት ቪዲዮ ሲያወጣ ሞሪታ ሰው ከእንግዲህ የቴሌቪዥን ፕሮግራም አመለጠኝ እንደማይል ሰበከ። የሆሊውድ ድርጅቶች ዩኒቨርሳልና ዲዝኒ የፊልም ስርቆት መሣሪያ ነው ብለው በ1976 ከሰሱት። ክርክሩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በጃንዋሪ 1984 ሶኒ በ5 ለ4 ድምፅ ረታ። ፍርዱ ሕጋዊ ጥቅም ያለውን መሣሪያ የሠራ ሰው ሌላው ሰው ስላጠፋበት ብቻ አይጠየቅም የሚል ሐሳብ ስላለው፣ በኋላ ፋይል የሚቀዱ መሣሪያዎችና ሶፍትዌሮች በተከሰሱ ቁጥር ሲጠቀስ ኖሯል። የኮምፒውተር ተማሪ ከዎክማን ይልቅ ይህን ቢያስታውስ ይሻላል።

በገበያው ግን ሶኒ ተሸነፈ። የመጀመሪያው የቤታማክስ ካሴት የሚቀርጸው አንድ ሰዓት ነበር፤ ጄቪሲ በ1976 ያወጣው ቪኤችኤስ ሁለት ሰዓት ይቀርጽ ስለነበር አንድ ሙሉ ፊልም ይይዛል። ጄቪሲ አሠራሩን ለብዙ ኩባንያዎች ስላካፈለ የቪዲዮ ኪራይ ቤቶች መደርደሪያ በቪኤችኤስ ተሞላ። በ1988 ሶኒ ራሱ ቪኤችኤስ ማምረት ጀመረ። በ1982 ከፊሊፕስ ጋር ያወጣውን ኮምፓክት ዲስክ ግን ብቻውን አልያዘውም።

ሞሪታ ከሽንፈቱ የወሰደው ትምህርት መሣሪያ ያለ ፊልምና ያለ ሙዚቃ ባዶ ነው የሚል ነበር። ሶኒ በ1988 ሲቢኤስ ሬከርድስን በ2 ቢሊዮን ዶላር፣ በ1989 ኮሎምቢያ ፒክቸርስን በ3.4 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። አሜሪካኖች ጃፓን ሆሊውድን ወሰደች ብለው ተቆጡ። በዚያው ዓመት ከፖለቲከኛው ሺንታሮ ኢሺሃራ ጋር እምቢ ማለት የምትችለው ጃፓን የሚል መጽሐፍ ማሳተሙ ቁጣውን አባባሰው። ሞሪታ ነገሩን ሲያይ በእንግሊዝኛው ትርጉም የእርሱ ክፍል እንዳይገባ አደረገ። ዕድሜውን ሙሉ በአሜሪካኖች ዘንድ ወዳጅ ሲያፈራ ለኖረ ሰው ይህ ትልቅ ስህተት ነበር። የፊልም ኩባንያውም ውድ ሆኖ ተገኘ፤ በ1994 ሶኒ ከመዝገቡ 2.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለመሰረዝ ተገደደ።

የመጨረሻ ዓመታት

ሞሪታ ዕድሜው ከ60 ካለፈ በኋላ የበረዶ ሸርተቴና የውሃ ውስጥ ዋና የጀመረ፣ እረፍት የማያውቅ ሰው ነበር። በኅዳር 1993 መጨረሻ ኬይዳንሬን የተባለውን የጃፓን ትልልቅ ኩባንያዎች ማኅበር እንዲመራ በሚጠበቅበት ሰሞን ጠዋት ቴኒስ ሲጫወት ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሰሰ። ከዚያ በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ በብዛት በሃዋይ ኖረ፤ መናገርም ከበደው። በ1994 ሊቀመንበርነቱን ለኖሪዮ ኦጋ አስረከበ። ኦጋ ገና የድምፅ ሙዚቃ ተማሪ ሳለ የኩባንያውን ቴፕ ጥራት ተችቶ ስለጻፈ ሞሪታ ፈልጎ ያመጣው ሰው ነው። ሞሪታ በ78 ዓመቱ በሳንባ ምች ቶኪዮ ውስጥ ሞተ። ሶኒ በጃፓን የካሴት ዎክማን መሸጥ ያቆመው ከዚያ 11 ዓመት በኋላ በ2010 ነበር።